የምታፏጨው መኪናዬና የእህቴ ባል

መኪናዬ ማፏጨት ጀመረች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጥርስ የሚያሳክክ ፉጨት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ሞተሩ እየሠራ ስትቆም፣ ታፏጫለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ዝም ትላለች። ችግሩ መብራት ሲይዘኝ ነው። ዜብራ የሚሻገሩ ሴቶች ዞር ብለው ይገላምጡኛል። እኔ አይደለሁም፣ ሞተሩ ነው ብዬ ለስንቱ ላስረዳ?

የመኪና ድምፅ ሲነሳ ደግሞ የማያውቅ ሰው የለም። አንዱ “ቺንጊያ ነው” አለኝ። ቺንጊያው ተቀየረ፣ ፉጨቱ እንዳለ ነው። ሌላው “የዲናሞ ኩሽኔታ ነው፣ ሳይነክስ ድረስበት” ብሎ አስደነገጠኝ። ኮምፒውተር ሲሰካባት “አየር በዝቷል፣ ድብልቁ ሳስቷል” የሚል ኮድ አወጣች። ኮዱን ያነበበው ልጅ ወዲያው የአየር መለኪያ ሴንሰር ይቀየር አለ። ኮዱ እኮ አየር በዝቷል አለ እንጂ ሴንሰር ሞቷል አላለም!

የእህቴ ባል የገባው እዚህ ላይ ነው። ሙያው ሂሳብ ነው፤ መኪና የሚጠግነው በወኔ ነው። ኮፈኑን ከፈተና የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ደቅኖ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ እያዞረ እንደ ሐኪም ያዳምጥ ጀመር። እውነት ለመናገር ጥሩ ዘዴ ነው። ፉጨቱ የሚወጣው ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ላይ፣ ክብ ፕላስቲክ ጎን ካለች ትንሽዬ ቀዳዳ ነበር።

“ያውልህ!” አለ።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሊከፍት ሞከረ። ክዳኑ ዞረ፣ ግን አልነሳም። ወደ ውስጥ ተስቧል። በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን መከላከያው ላይ ተክሎ ጎተተው። “ጵስስስ” ብሎ ሲለቅ በጀርባው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በዚያችው ቅጽበት ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሞተሩ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክዳኑን መለሰው፣ ፉጨት። አነሳው፣ ጸጥ።

ለሚያውቅ ሰው ምርመራው እዚህ ጋ አልቋል። የእህቴ ባል ግን “ክዳኑ ነው ችግሩ” አለ። አዲስ ክዳን ተገዛ። በአዲሱም ክዳን ታፏጫለች።

ቀጥሎ ቀዳዳዋን በሲልኮን ደፈናት። ፉጨቱ ተነስቶ ወደ ታች ወረደ። አሁን ደግሞ ከክራንክሻፍቱ፣ ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ ጫፍ፣ ዘይት እንዳይወጣ ከሚይዘው ጎማ በኩል ማላዘን ጀመረች። በዚህ ተናደደ መሰለኝ፣ ከክብ ፕላስቲኩ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቱቦ ነቅሎ አፉን በሆነ ነገር ወተፈው፣ ቦታው መልሶም በሽቦ ጥፍር አድርጎ አሰረው። መኪናዋ ጸጥ አለች። ሚኒሞዋ ተስተካከለ። ኮዱም ጠፋ። ምሳ ጋበዝኩት።

ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኝ ጀመር። ቆማ ያደረችበት ቦታ ይጠቁራል። አንድ ቀን ዳገት ስወጣ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሳ። ስከፍተው የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ከቦታዋ ተስፈንጥራ ወጥታለች፤ ሞተሩ በዘይት ታጥቧል። የእህቴ ባል በስልክ “ዘይት አብዝተህ ሞልተህ ነው” አለኝ።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድናት። ሰውዬው ምንም ሳይሉ የላስቲክ ጓንት አወጡ። የዘይት መሙያውን ክዳን አንስተው ጓንቱን አፉ ላይ አለበሱትና ሞተሩን አስነሱ። ጓንቱ ተነፋ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ቆሙ፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱ ብድግ አለ።

“ሰላም እያለችህ ነው” አሉኝ።

ከዚያ አስረዱን። ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሽ እያመለጠ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። መውጫ ይፈልጋል። ድሮ በቱቦ መሬት ላይ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተሩ ራሱ መልሶ ስቦ እንዲያቃጥለው ተደረገ፤ ከዚያ ዓለም ሁሉ ተከተለ። የሚሳበውን የሚመጥነው አንድ ቫልቭ ነው፤ የእኔዋ ላይ በዚያ ክብ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ስስ ላስቲክ። ላስቲኩ ከተቀደደ ሞተሩ ያለ ልክ ይስባል፤ ክዳን አልነሳ ይላል፣ ላስቲኩ በሚተነፍስባት ቀዳዳ በኩል ያፏጫል።

“እንደዚያ ቢሆን ጓንቱ ወደ ውስጥ ይሰምጥ ነበር” አሉ። “የተነፋው ወይ መውጫው ተዘግቶ ነው፣ ወይ ፋሻው ጨርሶ ነው።”

ፋሻ ሲሉ ጉልበቴ ከዳኝ። ፋሻ ማለት ሞተር ማውረድ ነው። ሰውዬው ግን ቱቦውን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱና ሽቦው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ፈቱት። ከውስጡ ወፈር ያለ ብሎን ወጣ።

“ይሄን ማነው ያስገባው?”

እኔ ወደ እህቴ ባል አየሁ። እሱ ጎማ ይመረምራል።

ብሎኑ መሳቡን አግዶ ደብቆት ነበር እንጂ ላስቲኩም ተቀዶ ተገኘ። እሱ ለብቻው ስለማይሸጥ የላይኛው ክዳን እንዳለ ተቀየረ፤ ሲያላዝን የነበረው ጎማም አብሮ። ጓንቱ እንደገና ሲለብስ ጣቶቹ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ሟሸሹ። ትንሽ መሳብ ጤና ነው አሉ ሽማግሌው።

ሂሳብ ልከፍል ስል የእህቴ ባል ብሎኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ዘይቱን በሱሪው ጠራርጎ ኪሱ ከተተው።

“ለእህትህ እንዳትነግራት” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “የሕፃኑ አልጋ ለምን እንደሚወዛወዝ እስካሁን አልገባትም።”