ከእማዬ ጋር ጣና ዳር ሰባት ሌሊት

ልጆቹ የፈለጉት ቢሾፍቱን ነበር። የውሃ መጫወቻውን በስልክ አይተውት፣ መንሸራተቻው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል። እኔም አልጠላሁትም። ቅርብ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ግን እማዬን አሰብኳት። 74 ዓመቷ ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል። እዚያ ብንሄድ ቀኑን ሙሉ የሁላችንንም ጫማና ፎጣ ስትጠብቅ ነው የምትውለው።

እንደዚያ ደግሞ አንዴ አድርገናታል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባሕር ዳርን፣ ጎንደርንና ላሊበላን በስድስት ቀን ዞረን መጣን። በየማታው ሌላ አልጋ፣ በየጠዋቱ ሻንጣ ማሰር። ትንሿ ልጄ መኪና ውስጥ ስታስመልስ፣ እኔ ሰዓት ሳይ፣ ባለቤቴ ከሾፌሩ ጋር ሲጨቃጨቅ አለቀ። ቤት ከገባን በኋላ እማዬ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ደህና ነው፣ አየን። ግን የት የት ነበርን?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄዋ ሆዴ ውስጥ ቀረች።

ስለዚህ ለ2011 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሌላ ነገር አሰብኩ። አንድ ቦታ፣ አንድ አልጋ፣ ሰባት ሌሊት። ቦታው ባሕር ዳር። እማዬ የጎጃም ልጅ ናት። ቢቸና አካባቢ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ የገባችው በልጅነቷ ነው። (የዚያን ጊዜው መንገድ ሰላም ነበር። አሁን ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከምንም ነገር በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።)

አሥራ ሁለት ነበርን። እማዬ፣ እትዬና ባሏ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር፣ እኔና ባለቤቴ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር፣ ትንሹ ወንድሜ፣ እና የ80 ዓመቷ የእማዬ ታላቅ እህት። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ነገር ላይ ማስማማት ከባድ ነው። እኔም ማስማማቱን ተውኩት። በኅዳር ወር አንድ እሑድ ሁሉም ቤት ተሰብስበው ሳለ ደብተር ይዤ ዞርኩ። እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግረኝ ጠየቅሁ። ሁለት አይቻልም።

የእትዬ ትልቁ ልጅ ጢስ ዓባይን አለ። ሁለተኛዋ ብስክሌት። ሦስተኛው ጉማሬ። ባሏ የገዳም ሥዕል። ወንድሜ ዓሣ። ባለቤቴ እንቅልፍ። የእኔ ትልቋ ልጅ ጀልባ፣ ትንሿ ዋና። እትዬ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ድስት እንዳላይ» አለች። አክስቴ ደብረ ማርያምን መሳለም ፈለገች። እማዬ ግን ዝም አለች። ስትቆይ፣ «ውሃ ዳር ተቀምጨ ጠዋት ጠዋት ቡና ብጠጣ» አለች። ሁሉንም ጻፍኩት። በሰባቱ ቀን ውስጥ ከእነዚህ ሌላ ምንም ዕቅድ አልያዝኩም። በቀን ቢበዛ አንድ ነገር፣ እሱም ጠዋት። ከሰዓት በኋላው ባዶ።

ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። የጥምቀት ሰሞን አልጋ ይወደዳል፣ ይጠፋል። ከጥር 18 በኋላ ከተማው ይረጋጋል። የጥር ፀሐይ ደስ ይላል፤ ጭቃ የለም። ወባም ከክረምት መውጫው ይልቅ ይቀንሳል። ቢሆንም አጎበር መኖሩን በስልክ ጠይቄያለሁ።

ስለ ስልኩ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁሉም የሚጠይቀው ዋጋና ዋይፋይ ነው። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው። ምድር ቤት ክፍል አለ? ከክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ ስንት ደረጃ ይወጣል? የልጆቹ ዋና ገንዳ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? የራሳችንን ቡና ብናመጣ ያፈሉልናል? የዋና ገንዳው ነገር ለእኛ ግዴታ ነበር። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች ሐይቁ ውስጥ ገብተው እንዲዋኙ አልፈልግም። በሦስተኛው ስልክ ላይ ሁሉንም «አለ» ያለኝ ሪዞርት አገኘሁና ያዝኩ።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በተከራየነው ሀይሩፍ ሚኒባስ ተነሣን። ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 565 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን ይገባል፤ እኛ ግን ለሁለት ከፈልነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ የዓባይ በረሃ ነው። መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ጋቢ ለብሰን ጀምረን ታች ስንደርስ ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ። ድልድዩን ስንሻገር እማዬና አክስቴ እኩል አማተቡ። ደጀን ስንወጣ ደግሞ አነጋገራቸው ተለወጠ። «ልጄ» ቀርቶ «ልጀ» ሆነ፤ «እንጂ» ቀርቶ «እንጅ»። የልጅ ልጆቹ እየሰሙ በደስታ ይደግሙት ጀመር።

ደብረ ማርቆስ አደርን። አክስቴ እስካሁን መንቆረር ነው የምትለው፤ የድሮ ስሙ ነው። ማታው ይበርዳል፤ ጋቢ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩ።

በነጋታው ቡሬን አልፈን ወደ ኮሶበር (እንጅባራ) ስንቃረብ መሬቱ አረንጓዴ ሆነ። በሁለቱም በኩል የዲከረንስ ዛፍ ነው፤ በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ገበሬው ዛፉን ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ አክስሎ እንደሚሸጥ ሾፌሩ ለልጆቹ አስረዳቸው። ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆመን የቋጠርነውን በላን። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ክብ፣ ዙሪያው ዛፍ የሆነ ሐይቅ ነው። ሰው የለም። ድምፅ የለም። ሰዓት ሳላይ ሁለት ሰዓት ቆየን። ኮሶበር አካባቢ ደግሞ ያሸበረቁ ፈረሶች አየን፤ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲለማመዱ ነው። ልጆቹ በበዓሉ ቀን ተመልሰን እንድንመጣ ለመኑኝ። ከባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ዕቅዱ እንዳይበላሽብኝ ብዬ እምቢ አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚሄድ ሰው ካለ ኮሶበር አንድ ሌሊት ይደር።

ሪዞርቱ ስንደርስ ምድር ቤት ያሉኝ ክፍሎች ሁለተኛ ፎቅ ሆነው ጠበቁኝ። ሊፍት የለም። እማዬ ደረጃውን ቀና ብላ አይታ፣ «ግድ የለም፣ ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ» አለች። እኔ ግን ግድ አለኝ። የስልኩን ቀንና ያነጋገርኩትን ሰው ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበርና አሳየሁ። አንድ ሰዓት ከፈጀ ንግግር በኋላ ሁለት የምድር ቤት ክፍል ተገኘ፤ ለእናቶቹና ለእኛ። ሌሎቹ ፎቅ ወጡ። በስልክ የተባላችሁትን ሁሉ ጻፉት።

ሰኞን ምንም አላደረግንም። እንዲሁ በባዶ ዋለ። ባለቤቴ ቁርስ በልቶ ተኛ፣ ምሳ በልቶ ተኛ። ትንሿ ከውሃ አልወጣ አለች። እኔ መጀመሪያ ላይ ጨነቀኝ፤ ይህን ያህል ብር አውጥተን ተቀምጠን ልንውል ነው ብዬ። ወደ ማታ ላይ ግን አክስቴ ለልጆቹ ተረት እያወራች፣ የ17 ዓመቱ ጎረምሳ ስልኩን ሣሩ ላይ ጥሎ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጣት አየሁ። ጭንቀቴ ለቀቀኝ።

ማክሰኞ አስተርእዮ ማርያም ነበር። በሌሊት ነጠላ ለብሰን በጀልባ ደብረ ማርያም ተሻገርን። ደሴቷ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ ናት። የአክስቴና የትልቋ ልጄ ነገር በአንድ ጉዞ ተፈጸመ። ጉማሬ ግን የለም። የእትዬ ልጅ ውሃው ላይ እንዳፈጠጠ ተመለሰ።

ረቡዕ ብስክሌት ሆነ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ጎረምሶቹ ተከራይተው ሲነዱ ዋሉ። ወንድሜ ዓሣ ሊያዝዝ ሲል እማዬ አየችው። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ዓሣ ሥጋ አይደለም ያለህ ማነው?» ሽሮ በላ። ሐሙስ ማታ ጠብቆ ቆሮሶ ጥብስ አዘዘ። ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ጅራቱ ጥርት ብሎ ደርቆ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር መጣ። ሁለት በላ።

ግን የዚያ ሳምንት ዋናው ነገር ጠዋት ጠዋቱ ነበር። ሪዞርቱ ውስጥ ቡና የምታፈላው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እማዬን ወደደቻት። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል በርጩማ ውሃው ዳር ታወጣላታለች። እማዬ ከቤት ያመጣችውን ጥሬ ቡና ትለቅማለች፤ ልጅቷ ትቆላለች። ፊት ለፊታቸው አንድ ሰው ታንኳ ይሠራል። ደንገሉን ያስተካክላል፣ ይጠቀልላል፣ በጉልበቱ ተጭኖ በገመድ ጥርቅ አድርጎ ያስራል። ከጎኑ አሮጌዋ ታንኳ ግንድ ተደግፋ ቆማለች፤ ውሃ ስለጠጣች ታች ታቹ ጠቁሯል። እንዲህ እያቆሙ ካላደረቋት ትከብዳለች አለን። ሐሙስ ጠዋት ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ የየት አገር ሰው ነዎት?» አላት።

«ያገርህ ነኝ እንጅ! የቢቸና።»

ሥራውን አቁሞ ተነሣ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። እሷም ትከሻውን ይዛ ከለከለችው። ቡናው እስከ ሦስተኛ ተጠጣ። የማን ልጅ፣ የማን ዘመድ እየተባለ ሦስት ሰዓት አለፈ። ዘጌ ልንሄድ የቀጠርነው ጀልባ ወደብ ላይ እየጠበቀን ነበር። ባለጀልባውን ደውዬ አንድ ሰዓት እንዲታገሠን ጠየቅኩት።

ለጀልባ ሁለት ነገር ልበል። ዋጋው የሚነገረው ለሙሉ ጀልባ ነውና ከመሳፈራችሁ በፊት የመቆያውን ሰዓት ጨምራችሁ ተነጋገሩ። ለሕፃን የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል፤ እኛ በመዘግየታችን ስንመለስ ትንሿ ልጄ ፈርታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ዘጌ ከጀልባ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ድንጋይ ይበዛዋል። ሰው በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰውን እኛ ሃምሳ ደቂቃ ሄድነው። አክስቴ ባሕሩ ዳር ቀረች፤ እማዬ በዱላ፣ በየጥላው እያረፈች ወጣች። ውስጥ ስንገባ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የእትዬ ባል ጫማውን አውልቆ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረው። አንዲት ቃል አልተናገረም።

ጢስ ዓባይ ሁላችንም አልሄድንም፤ ይህም ቀድሞ የታሰበ ነው። አርብ ጠዋት አምስት ሆነው ሄዱ፤ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በጥር ፏፏቴው እንደ መስከረም አይደለም። ክረምት አልፏል፤ ከውሃውም ለኃይል ማመንጫዎቹ የሚሄድ አለ። ጎረምሳው ግን ሲመለስ ያወራን ስለ ፏፏቴው ብቻ አልነበረም፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለተሠራው የድንጋይ ድልድይና በ1956 ሥራ ስለጀመረው ማመንጫም ነበር። እኛ ሴቶቹ ዛፍ ሥር ተኝተን ዋልን።

ቅዳሜ ማታ ጉማሬ ብቻ ነበር የቀረው። ቤዛዊት ኮረብታ በመኪና ወጣን። ዓባይ ከታች ተጠማዝዞ ይታያል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጁ እጄን ጨመቀኝ። ውሃው ላይ ሁለት ጆሮ ወጣ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ጠለቀ። አልጮኸም። በሹክሹክታ፣ «አየሽው?» አለኝ። አየሁት።

ከኮረብታው ስንመለስ ደብተሬ ላይ ሁሉም ተሰርዟል። እትዬም ድስት አላየችም።

እሑድ ጠዋት የመጨረሻው ቡና ተጠጣ። ቡና አፍይዋ ልጅ ጀበናዋን አጥባ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ እማዬ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። እማዬ ከነጠላዋ ጫፍ ብር ልትፈታ ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት። ሾፌሩ ከላይ ከሻንጣው ጋር ላስረው ቢላት አልሰጥም አለች። ደብረ ማርቆስ አድረን፣ ለቤት ጤፍና ቅቤ ገዝተን፣ ሰኞ የዓባይን በረሃ ስንወርድ ጀበናዋ ጭኗ ላይ ነበረች። መኪናው በየመታጠፊያው ባዘነበለ ቁጥር በሁለት እጇ አቅፋ ትይዛታለች።