ደሟ ኤ፣ ደሙ ኦ

ዛሬ ወንድሜንና ባለቤቱን ይዤ ወደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የእሷ ደም ኤ፣ የእሱ ኦ ስለሆነ ኩላሊቷን ልትሰጠው አትችልም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር፤ ኦ የሆነ ሰው ደም ኤን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ስላለው፣ ያለ ዝግጅት የተተከለ ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ሐኪሟ ግን ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ንቅለ ተከላ እንደሚሠሩ ነግራ፣ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት አስቀድሞ እንደሚሰጥና በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል በፕላዝማ ልውውጥ ተጣርቶ እንደሚወጣ አስረዳችን። የወንድሜ የፀረ እንግዳ አካል ልኬት 1 ለ 64 ነው (ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ መጠን ፀረ እንግዳ አካሉ ብዙ ነው ማለት ነው)፤ ወደ 1 ለ 8 ካልወረደ ቀዶ ሕክምና የለም። ሌላ ታካሚ አጠገብ የተንጠለጠለው የፕላዝማ ከረጢት ቁርጥ ጠጅ ይመስላል (ለወንድሜ አልነገርኩትም)። ከሌሎች ጥንዶች ጋር ኩላሊት መለዋወጥም እንደሚቻል ሲነገራት ባለቤቱ «የእኔ ኩላሊት ከቤት አይወጣም» አለች። ሰኞ ይጀመራል።