አማርኛው በዝቷል
በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚከፈት የምዝገባ መተግበሪያ በጃንጎ (የድር መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ) ስንሠራ፣ በየገጹ አናት ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባውን ሚድልዌር (ምላሹ ወደ ብሮውዘሩ ከመላኩ በፊት የሚያልፍበትን ኮድ) የጻፉት የቡድን መሪያችን ነበሩ። ሚድልዌሩ ምላሹን ተቀብሎ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ ማስታወቂያውን ያስገባል፤ ከዚያም የምላሹን ርዝመት ለብሮውዘሩ የሚነግረውን የኮንቴንት ሌንግዝ ሄደር ራሱ ይሞላል። እንግሊዝኛው ገጽ ያለ እንከን ሲከፈት፣ ረጅም መመሪያ ያለበት የአማርኛ ቅጽ ግን «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ሳይኖረው መውጣት ጀመረ። ሰርቨሩ 200 (ተሳክቷል) ብሎ ይመልሳል፣ ሎጉ ላይ ስሕተት የለም፤ ብሮውዘሩም የመዝጊያ ታጎች ቢጎድሉ ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ገጹ የተሟላ ይመስላል።

ለመሪያችን ስነግራቸው፣ «እንግሊዝኛው ይሠራል፤ ስለዚህ ኮዱ ምንም የለበትም። አማርኛው በዝቷል፤ መመሪያውን አሳጥሩት» አሉ። ጽሑፉ ሲያጥር ቁልፉ ተመልሶ ስለሚታይ ንግግራቸው እውነት መሰለ። እኔን ግን ከነከነኝ፤ ተመዝጋቢው ሊያነበው የሚገባው መመሪያ፣ ማንም ሳይመረምረው፣ በቋንቋው ምክንያት ሊቆረጥ ነበርና።

ጥፋቱ የነበረው አንድ መስመር ላይ ነው። ሄደሩ የሚጠይቀው የባይት ብዛት ሲሆን የተሞላው የፊደል ብዛት ነበር፤ ከተነገረው ርዝመት የተረፈው ደግሞ ይቆረጣል። ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል፣ አራት ነጥቡ ጭምር፣ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ከገጹ መጨረሻ 2 ባይት ያስቀራል። 400 ፊደል ያለው መመሪያ 800 ባይት ያስቆርጣል ማለት ነው፤ ቁልፉም የሚገኘው እዚያው መጨረሻ አካባቢ ነው። የሚያሳዝነው፣ መስመሩ ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ከጃንጎ 1.11 ጀምሮ፣ አብሮት የሚመጣው ኮመን ሚድልዌር ርዝመቱን በባይት ቆጥሮ ይሞላል፤ ሄደሩ ቀድሞ ተሞልቶ ሲያገኘው ብቻ ይተወዋል። ምላሽ የሚመለሰው ከሚድልዌሮቹ ዝርዝር ታች ወደ ላይ በመሆኑም፣ የእኛው ሚድልዌር ከእሱ በታች መቀመጡ በቂ ነበር።

«ጋሼ፣ መመሪያው አልረዘመም፤ ፊደላችንን አሳንሶ የቆጠረው ኮዱ ነው» ብዬ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ደጋግመው ካዩ በኋላ «እሺ፣ አስተካክለው» አሉኝ። መስመሩን አጠፋሁ፤ ረጅም የአማርኛ ገጽ እስከ መዝጊያ ታጉ ተሟልቶ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሙከራም ጨመርኩ።

ለውጡን በመዝገብ ሲያሰፍሩት ግን «የአማርኛ ድጋፍ ተጨመረ» ብለው ጻፉት። አማርኛ መተግበሪያው ውስጥ ከመጀመሪያው ነበረ፤ መመዝገብ ተስኗቸው የከረሙት ሰዎችም ድጋፍ ሳይሆን የሚሠራ ቅጽ ነበር የተነፈጉት። «የባይት አቆጣጠር ስሕተት ታረመ» ተብሎ እንዲስተካከል በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።