ያልተመለሰው የሪፈር ወረቀት

ደሴ ውስጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ሳል የጸናባቸውን አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ በሪፈር ወረቀት ልኬ፣ በመዝገቤ ላይ «ተልከዋል» ብዬ ጻፍኩና ጉዳዩን እንደተፈጸመ ቆጠርኩት። ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ሥራ ምክንያት ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ስወጣ ቤታቸው ገባሁ። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባቸው ሕክምና ጀምረው ነበር፤ መድኃኒቱን ካቆሙ ግን ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

ሕክምናው ስድስት ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል፤ በመሐል ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ይህን እያሰብኩ ለምን እንዳቆሙ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ጠዋት ነይ ይለኛል፤ ጠዋት ደግሞ መጥረጊያ ይዤ አስፋልት ላይ ነኝ። ከቀረሁ የቀኑ ይቆረጥብኛል» አሉኝ።

ችግረኞች እየሠሩ ገንዘብ በሚያገኙበት የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው የጽዳት ሥራ ይሠሩ ነበር። ጤና ጣቢያው ይህን አያውቅም፤ የሴፍቲኔቱ አስተባባሪም ሕመማቸውን አያውቅም፤ እሳቸውም የነቀርሳን ስም ፈርተው ለማንም አልተናገሩም። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ የታመመ ሰው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ራሱ ያስታርቃቸው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በር ላይ የሚጫወተው የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ነቀርሳ ካለበት ሰው ጋር የሚኖር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተመርምሮ፣ በሽታው ከሌለበት የመከላከያ መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል። ሕፃኑ ወደ ቤቱ የመጣው ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ስለነበረ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ የለም፤ ለሕፃኑ ወተት የሚሰጠው የእርዳታ ማኅበር ግን በስሙ መዝግቦታል። የሚያስፈልገን መረጃ ሁሉ በከተማው ውስጥ ነበር፤ የተቀመጠው ግን በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ነው።

በፈቃዳቸው፣ የበሽታው ስም ሳይጠቀስ «ለጊዜው ከሥራ ይረፉ» የሚል የጤና ማስረጃ ለሴፍቲኔቱ እንዲጻፍላቸው አደረግሁ። በማግስቱ አያትና የልጅ ልጅ አብረውኝ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ እሳቸው ሕክምናቸውን ቀጠሉ፣ ሕፃኑም ተመረመረ። ከዚያ ወዲህ የምልከው የሪፈር ወረቀት የተቀባዩ መልስ የሚጻፍበት ግርጌው ተሞልቶ እስኪመለስልኝ ድረስ መዝገቡን አልዘጋም፤ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ እደውላለሁ፣ ስልኩ ካልተነሣም ራሴ እሄዳለሁ።