በጋቢ ጠርዝ የተቋጠረችው ወረቀት

በባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ክትትል ክፍል በነርስነት ስሠራ፣ ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ ሕሙማንን ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርሁ። ግንቦት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የዘጌ ቡና ገበሬ ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ሦስቱም ዋና ዋና የልባቸው ደም ሥሮች በመጥበባቸው ባይፓስ (ከእግር ወይም ከሌላ ቦታ በተወሰደ ደም ሥር ደሙ የጠበበውን አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና) እንዲሠራላቸው ተወስኖ፣ ለቀጠሮው የቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነበር። «አባባ፣ ሳል ወይም ትኩሳት አለብዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ተመስገን፣ አሁን ደኅና ነኝ» አሉኝ። በዚያው ሰሞን የተደረገላቸው የኮሮና ምርመራም ነፃ ስላላቸው «የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ሊወጡ ሲሉ የካርድ ደረሰኛቸውን ብጠይቃቸው የጋቢያቸውን ጠርዝ ቋጠሮ ፈቱ። ከደረሰኙ ጋር አራት ቦታ የታጠፈች፣ በላብ የወየበች ወረቀት ወጣች። ሚያዝያ 21 ቀን በአንድ ጤና ጣቢያ የተሰጠች የኮሮና ውጤት ስትሆን፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፎባታል። ከተመረመሩ ገና 19 ቀናቸው ነበር። እሳቸው አልዋሹኝም፤ የጠየቅኋቸው ስለ ዛሬ ነበር፣ የመለሱልኝም ስለ ዛሬ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በክፍላችን ተነጋግረንበት ነበር። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. በ116 አገሮች ልዩ ልዩ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ140 ሺህ በላይ ሕሙማን የተከታተለ ሲሆን፣ ኮሮና ካልያዛቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 1.5 በመቶ ሲገመቱ፣ ቫይረሱ በተገኘባቸው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ግን 3.9 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የጠፋው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ክትባት ከመስፋፋቱ በፊት የተሰበሰበ መረጃ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ የእኛም ሕመምተኛ ግን አልተከተቡም። በዚያ ላይ በባይፓስ ጊዜ ደም በልብና ሳንባ ማሽን ውስጥ ሲዘዋወር ሰውነት በራሱ ይቆጣል፤ ቫይረሱ ያቆሰለው ሳንባና ለመርጋት የተዘጋጀ ደም ይህ ሲታከልበት መቋቋሙ ይከብደዋል።

ወዲያውኑ ለቀዶ ሐኪሙ ደወልሁ። ወረቀቷን አስነብበውኝ ቀኑን ሁለት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ «ሕመሙ በዕረፍት ጊዜ ይነሣባቸዋል?» አሉኝ። አይነሣባቸውም ነበር። ደረት ሕመሙ ሳይረጋ ቢቀር ወይም የግራዎቹ ደም ሥሮች የሚነሡበት ዋና ግንድ ክፉኛ ጠቦ ቢሆን ኖሮ መጠበቁ ራሱ ይገድል ስለነበር፣ ውሳኔው ሌላ በሆነ ነበር። ቀጠሮው ከምርመራው ሰባት ሳምንት ወደሚሞላበት ወደ ሰኔ 10 ተሻገረ።

ልጅቱ አለቀሰች። ለጉዞውና ለሕክምናው ሁለት በሬ ሸጠዋል። «እህቴ፣ እስከዚያ ልቡ ይቆይልኛል ወይ?» ስትለኝ፣ አዎን ብዬ ቃል ልገባላት አልቻልሁም። አስፒሪኑንና የልብ ምት ማርገቢያውን እንዳያቋርጡ፣ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ክኒን ከኪሳቸው እንዳይለዩ፣ ሕመሙ ተቀምጠው ሳሉ ከመጣ ግን ቀን ሳይቆጥሩ በመጀመሪያው ጀልባ እንዲመጡ ነግሬያቸው፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እደውል ጀመር።

ከምርመራው በስድስተኛው ሳምንት ከጀልባው መውረጃ ወደ ቤታቸው ሲወጡ ሳል እንደሚያቆማቸው ልጅቱ ነገረችኝ። እሷ ከልቡ ነው ብላ ነበር፤ ሐኪሞቹ መርምረው የሳንባው እንደሆነ አረጋገጡ። በዚያው ጥናት ከሰባት ሳምንት በኋላም ቢሆን የኮሮና ምልክት ያልለቀቃቸው ሰዎች ሞት 6 በመቶ ስለነበር፣ ቀጠሮው እንደገና ተገፋ። ሁለተኛውን መገፋት ለመናገር ስልኩን ማንሣት ከመጀመሪያው ይልቅ ከብዶኛል። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሳሉ ከለቀቃቸው በኋላ፣ ባይፓሱ በሰላም ተሠራላቸው።

በቅጻችን ላይ «ሳል ወይም ትኩሳት አለ?» ከሚለው ሥር «ኮሮና ይዞዎት ያውቃል? የተመረመሩበት ቀን፣ ሳሉ የለቀቀበት ቀን» የሚል መስመር በእጄ ጻፍሁ፤ በኋላም ታትሞ ገባ። አባባ በመስከረም ለክትትል ሲመጡ ከደረታቸው ይልቅ ደም ሥር የተወሰደበት እግራቸው እያበጠ ያስቸግራቸው ነበር። የቡና ጆንያ መቼ እንደሚሸከሙ ጠየቁኝ። የደረት አጥንታቸው እስኪጠና ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መቆጠር አለበት ስላቸው፣ የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈትተው ቀኑ የተጻፈበትን የመውጫ ወረቀት ሳልጠይቃቸው ዘረጉልኝ።