ስንት ሰው ነው የሚያነበው?

ዛሬ ጅማ መርካቶ ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጋሼ አንድ ድምፅ ማጉያ ለመፈተሽ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ትረካ ከፈቱ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ጥቂት አዳምጣ፣ «ጋሼ፣ ስንት ሰው ነው የሚያነበው?» አለች።

«አንድ ነው ልጄ። ወጋየሁ ንጋቱ።»

አላመነችም። ጋሼ ካቻቪቴውን አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አደረጉላት። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ቃሉ ከደረት ይወጣል፤ ኩራቱ ከቃሉ ቀድሞ ይደርሳል። ጉዱ ካሣ ሲመጣ ያው ጉሮሮ ይፈጥናል፣ ምፀት ይገባበታል። በመሃል ተራኪው ረጋ ብሎ ይመለሳል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር የት ላይ እንደተነፈሰ ብከታተል ብከታተል አልያዝኩትም።

ወጋየሁ የብሔራዊ ቴአትር ተዋናይ ነበር። መድረክ ላይ አልባሳቱም መብራቱም ያግዙታል፤ ሬዲዮ ማይክሮፎን ፊት ግን የነበረው ጉሮሮው ብቻ ነው። ዛሬ መልክ ያለው ሁሉ ተዋናይ ይባላል ብል የሚቀየመኝ አይጠፋም፤ ይቀየመኝ። ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መድረክ ላይ ያዩትም እያነሱ ነው። እኔ ራሴ አንድም ቴአትሩን አላየሁም። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ስገልጥ ግን ሰዎቹ ሁሉ የሚናገሩኝ በእሱ ድምፅ ነው።