«ሰኞ ተመለሺ» ሲሉኝ ሦስት ወር አለፈ

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» የተባልኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ድስት እያጠብኩ ነበር። እዚህ ድሬዳዋ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ በወር 2,700 ብር ነበር። ደብዳቤ አልተሰጠኝም። ምክንያትም አልተነገረኝም። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረና ሄደ። እኔም ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ።

መካሪማ ሞልቶ ነበር። ግን ሁሉም የሚሉኝ «ታገሺ፣ በሽምግልና ይሻላል» ነው። ቀን እየተቆጠረብሽ ነው ያለኝ አንድም ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

በነጋታው የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያይ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ ባለሙያ ቁጭ አድርጎ በደንብ አዳመጠኝ። እኔው ፊት ለባለቤቱ ደወለለት። «አቦ፣ ይቺ ልጅ እኮ ስድስት ዓመት አገልግላሃለች» ሲለው ልቤ አረፈ። ስልኩን ዘጋና «ይመልስሻል፤ ሰኞ ተመለሺ» አለኝ።

ሰኞ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ሐሙስ ሄድኩ። መስክ ወጥቷል። በሚቀጥለው ሰኞ አገኘሁትና እንደገና ደወለ። ባለቤቱ ጅቡቲ ሄዷል ተባለ። «ሲመጣ እንጨርሰዋለን፣ አታስቢ» አለኝ። አላሰብኩም። ከገንደ ቆሬ በባጃጅ ነው የምመላለሰው። የባጃጁ ሳንቲም ሲያልቅብኝ በእግሬ ሄድኩ። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ካልደረስክ ጉዳይህ ለነገ ነው።

በዚህ መሃል ሽማግሌ ገባ። የሰፈራችን አንድ ሐጂ ከባለቤቱ ዘመድ ጋር ቤታችን ድረስ መጡ። እማዬ ቡና አፈላችላቸው። «ረመዳን ይለፍ ልጄ፣ ከዒድ በኋላ ይመልስሻል» አሉኝ። ሐጂን ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ለክፋት አልነበረም። የተነገራቸውን ነው የነገሩኝ። እኔም ዒድን ጠበቅኩ። ዒድ አለፈ። ባለቤቱ ስልኬን ማንሳት አቆመ።

መሥሪያ ቤቱ ጋ ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በስምንቱም ቀን አንድ ወረቀት አላስገባሁም፣ አንድ ወረቀት አልተሰጠኝም። ያ ባለሙያ ሕጉን ያውቃል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። «አቤቱታሽን ጽፈሽ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጊ» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። አላለኝም። ደግ ሰው ነው፣ ሻይ ሁሉ ጋብዞኛል። ግን ደግነቱ ቀኔን በላብኝ። በራሴም እናደዳለሁ። አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ መጻፍ እችላለሁ። አንድ ገጽ ወረቀት አቅቶኝ አልነበረም።

አምስት ወር እንዳለፈ ጎረቤቴ ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ነገረችኝ። የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ያማክራሉ፣ ክስም ይጽፋሉ። በኛ አካባቢ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ ይታወቃል። አምስት ወር ሙሉ ይህን አለማወቄ ያንገበግበኛል።

እዚያ ያገኘሁት ወጣት መጀመሪያ የጠየቀኝ የተባረርኩበትን ቀን ነው። ቀጥሎ «ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባሽው አቤቱታ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ይርጋ የሚባል ነገር፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ያለአግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከስንብት ጋር የሚመጣ ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ 6 ወር አለው። አቤቱታዬን በጊዜው ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አስገብቼ ቢሆን ቆጠራው ይቋረጥልኝ ነበር። የኔ ግን ሁሉም በአፍ ነው። ስምንት ቀን መመላለሴን የሚያሳይ ምንም ነገር የለኝም።

እኔ የምፈልገው ሥራዬን ነበር። ወጥ ቤቱን እወደው ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት እህቶቼ ነበሩ። እሱ በር ተዘግቷል። ለገንዘቡ የቀረኝ ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ወጣቱ ክሱን በሁለት ቀን ጻፈልኝ።

ቀሪው ቀላል ነበር። ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልም። ስለዚህ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ለመሆን ብላችሁ ቀበሌ የድህነት ማስረጃ አትለምኑ። እሱ ለሌላ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ነፃ ጠበቃ ስትፈልጉ ግን ሊጠይቋችሁ ይችላል።

ባለቤቱ «የቀን ሠራተኛ ነበረች፣ ውልም የለንም» ብሎ መልስ ሰጠ። ውል በጽሑፍ አለመኖሩ መብት አያሳጣም። ጊዜው ወይም ሥራው ተወስኖ ካልተያዘ ቅጥሩ ላልተወሰነ ጊዜ እንደሆነ ነው ሕጉ የሚገምተው። እኔ ያቀረብኩት በቴሌብር የገባልኝን የአሥራ አንድ ወር ደመወዝ መልእክት ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የፈረቃ ዝርዝር በስልኬ ያነሳሁት ፎቶም ነበረኝ። ፎቶውን ያነሳሁት ፈረቃዬን እንዳልረሳ ነበር፤ ጠቀመኝ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት መሰከረችልኝ። የምትናገረው ሶማሊኛ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አቆመላት። ሥራዋን እያወቀች አደጋ ላይ ጥላ ነው የመጣችው። ውለታዋን አልረሳም።

ከውሳኔው በፊት ባለቤቱ ሰው ልኮ ነበር። 3,000 ብር ይሰጡሻል፣ «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» ብለሽ ፈርሚ አሉኝ። የቤት ኪራይ የሁለት ወር ነበረብኝ። አልፈረምኩም። በሕይወቴ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ፍርድ ቤቱ የወሰነልኝ ሂሳብ ይኸውና። ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ለሠራ ሰው ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው፤ 5,400 ብር። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለቀሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ 7,200 ብር። ያለአግባብ ስለተባረርኩ ካሳ የ180 ቀን፤ 16,200 ብር። በዚያ ላይ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ተጨመረ። እነሱ ሊሰጡኝ የነበረው 3,000 ነው።

አሁን የኔን ምክር ስሙ። ሁሉም ቦታ «መጀመሪያ ተስማሙ፣ ካልሆነ ክሰሱ» ይሏችኋል። እኔ አልስማማም። በተባረራችሁ ሳምንት አቤቱታችሁን በሁለት ኮፒ ጻፉ። ቀን ይኑረው። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ ሁለተኛው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። ክሱንም ሦስቱ ወር ሳይሞላ ክፈቱ። ሽምግልናው ጎን ለጎን ይሂድ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ከታረቃችሁ ክሱ ይቋረጣል። የቤት ሠራተኛ ከሆናችሁ ግን ይህ አዋጅ እናንተን አይሸፍንም። ቤት ለቤት የሚሠሩ ስንት እህቶቻችን እያሉ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ያልተከፈለ ደመወዝ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይጠየቃል፤ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቹ ያግዟችኋል።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ እያለቀሰች መጣች። ከዳቦ ቤት ተባራ። እማዬ «ቁጭ በይ፣ ቡና እስኪፈላ» አለቻት። እኔ አላስቀመጥኳትም። ባጃጅ ይዘን ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት «በቃል ማስረዳት ትችላላችሁ» አለችን። ሁለቱን ኮፒ ሰጠኋት። ቁጥር ጻፈችበት፣ ማኅተሙን መታችበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እዚያው ቆመን ጠበቅን።